በእጅጌ የሚገባበት ቤት

ኑሁም ጃራ ባማኮ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ሲደበድብ ስሙ አንድም ቦታ ተጽፎ አላየም። ቀላሚዋ ስም አላት፤ የምትነክርበት መንደር ሁሉ በእሷ ይጠራል። ሰፊው ስም አለው፤ ከሱቁ በላይ በቀይ ቀለም አጽፎታል። ለባሹማ ቀድሞውንም የለበሰው ስሙን ሊያስጠራ ነው። ባዜን የሚባለው ጥጥ ግን ተነክሮ፣ ሙጫ ጠጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲመጣ የደረቀ ቆዳ ነው የሚመስለው። ሁለት ሰዎች ግንድ መሃል አድርገው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በከባድ የእንጨት መዶሻ እየተፈራረቁ እስኪያበራ ካልመቱት ማንም ሰርግ ላይ አይለብሰውም። ወዙ የመዶሻው ነው። ይህን ባማኮ ሁሉ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል።

ስለዚህ ከዳካር ደብዳቤ ሲመጣለት ሦስት ጊዜ አነበበው። ሮካያ ሳምብ የተባለች ስመ ጥር የልብስ ዲዛይነር እሱ የመታውን አሥራ ሁለት ሜትር ጥቁር ሰማያዊ ባዜን ገዝታ፣ «የጨርቅ ቤት» የሚባል አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ በትርኢት ልታሳየው ነው። ልብሱ ላይ እጁ ያረፈ ባለሙያ ሁሉ ስሙ በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ እንደሚሰቀል፣ መጥቶም በዓይኑ እንዲያይ በአክብሮት እንደተጋበዘ ደብዳቤው ይናገራል።

ሲሪማን ትራኦሬ ደብዳቤውን ተቀብሎ አየና መለሰለት። ሲሪማን ሠላሳ አንዱንም ዓመት ከግንዱ ማዶ ተቀምጦ የመታ ሰው ነው። ጃራና ትራኦሬ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ እንዲሰዳደቡ የተፈቀደላቸው ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሆዳም፣ ሌባ፣ ሰነፍ ቢለው የተሰደበው ሰው መቀየሙ ነውር ነው፤ የተለመነውም እምቢ ማለት አይችልም። ሁለቱ የመዶሻውን ምት የሚጠብቁት በዚሁ ነበር። የአንዱ መዶሻ ሲወርድ ስድብ፣ የሌላው ሲወርድ መልስ። ዝም ያሉ ቀን ምቱ ይዛነፍና ጨርቁ ይዥጎረጎራል።

የሲሪማን ወገብ የሁለት ቀን አውቶቡስ አይችልም። «ሂድ፤ ግን እኔም መትቻለሁ» አለው። «የራስህን ስም ብቻ አስጽፈህ ብትመለስ፣ እዚህ ማዶ የሚቀመጥ ሌላ ሌባ ፈልግ።»

ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረበትም። ኑሁም ሁለቱን መዶሻዎች በጆንያ ጠቅልሎ ተሳፈረ። ኪዲራ ድንበር ላይ ጆንያውን አስፈቱት። ፈታሹ አንደኛውን መዶሻ በሁለት እጁ አንሥቶ መዘነና ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ኑሁም ደብዳቢ ነኝ አለ። ዳካር ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ሲጠይቀው ደግሞ ስሜን ለማየት ነው የምሄደው አለ። ፈታሹ መታወቂያውን መልሶለት የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

የጨርቅ ቤት ከዳካር ዳር፣ ባሕሩ ከገደሉ ጋር በሚላተምበት ቦታ ተገትሯል። አራት ፎቅ የሚያህል የኮንክሪት ቡቡ ነው፤ ሰው ለበዓል እንደሚለብሰው ያለ ሰፊና ረጅም ልብስ፣ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ የዘረጋ፣ አንገቱን ለሰማይ የከፈተ። ደረቱ ላይ ያለው ትልቅ ኪስ እንኳ አልቀረም። እጥፋቶቹ ጥላቸውን እርስ በእርስ እየጣሉ፣ ነፋስ የገባበት ልብስ መስሎ ይታያል። ኑሁም ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ አየው። ያምራል። ክፋቱም ይኸው ነው፤ አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ እዚያ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ማንም ዝም ብሎ አይሰማም ነበር።

በር የለውም። አርክቴክቱ ዦአኪም ሜንዲ፣ በር ሰውን ከሰው የሚለይ የቅኝ ገዢ ፈጠራ ነው ብሎ በሦስት ጉባኤዎች ተናግሯል። እንዲህ ያለውን ንግግር ሰምቶ የሚያጨበጭብ ሰው አይጠፋም፤ የእያንዳንዱ አጨብጫቢ ቤት ግን በር አለው፣ አንዳንዱም ሁለት ቁልፍ። በር የሌለው ቤት ውስጥ ፍየልም ሌባም ስለሚገባ፣ መግቢያ በሆነው በግራ እጅጌ አፍ ላይ ዘበኛ ተቀመጠ። ወንበር የሕንፃውን መስመር ያበላሻል ስለተባለም ዘበኛው ሁለት ዓመት የተቀመጠው በማሆጋኒ ግንድ ላይ ነው። በር ሆኖ የሚሠራው ይህ ሰው ቢራን ጆፕ ይባላል።

ቢራን እናቱ የማሊ ሴት ስለሆነች ባምባራ አቀላጥፎ ይናገራል። መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስም ጠየቀ።

«ኑሁም ጃራ።»

ብዕሩ ቆመ። «ጃራ ነው ያልከው?»

«ጃራ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሆድህ ቀድሞህ ሲደርስ ሁለት ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር። ጆፕ ነኝ።»

ጃራ ድንበሩን ሲሻገር ንጃይ ይሆናል፣ ትራኦሬም ጆፕ ይሆናል፤ ስድቡ ግን ያለ ቀረጥ አብሮ ይሻገራል። ኑሁም ከባማኮ ከወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ሌባውን ራሱን ነው ዘበኛ ያደረጉት?»

«ምን ያድርጉ፤ ንጃይ ቢቀጥሩ ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋባቸዋል።»

ቢራን ይህን እያለ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። ኑሁም አንገቱን አስግጎ አነበበው። በስም ዓምድ ሥር «ሆዳሙ ጃራ» ይላል፣ በሥራ ዓምድ ሥር «ሩዝ ጨራሽ»። ወገቡን ይዞ ሳቀ። የዘበኛ መዝገብ ማን ያነበዋል? ከዚያ ሲሪማን ትዝ አለውና የእሱንም ስም መጻፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ቢራን ያልመጣ ሰው አይመዘገብም፣ ግድግዳ ላይ ስም የሚያወጡት ደግሞ ኪስ ውስጥ ያሉት ናቸው አለው።

ኪስ ውስጥ ያሉት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሜንዲ ቤቱን ሲያስጎበኘው ነው። ሜንዲ ትሑትና ቀጭን ሰው ነው፤ የጫማው ጫፍ እንኳ ሦስት ማዕዘን ነው። ቢሮዎቹ በቡቡው ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ኪስ ደግሞ የሚከፈተው ከላይ ስለሆነ ጸሐፊዎቹ ጠዋት በመሰላል ወጥተው፣ ወደ ውስጥ ተንሸራተው ይገባሉ። ዝናብ በአንገቱ ይወርዳል። ግድግዳው አንድም ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ስሞቹ የሚሰቀሉበት የአንድ ክንድ ስፋት ያለው ቦታ ብቻ በብዙ ክርክር ቀና ተደርጓል። ኑሁም መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀ። ሜንዲ በቅንነት፣ ቡቡ መጸዳጃ ቤት የለውም ብሎ መለሰለት። ሠራተኞቹ ማዶ ያለው መስጊድ ይሄዳሉ። ኑሁም የሲሪማንን ነገር አነሣበት፤ ሜንዲ አይስጉ፣ ዝርዝሩ በጸሐፊዎቹ እጅ ነው፣ ነገ ለቀራጩ ይላካል አለው።

ቤቱ ልብስ ሆኖ ካበቃ በኋላ ልብሱ ደግሞ ቤት ሆኖ ጠበቀው። ሮካያ ሳምብ በቀኝ እጅጌ ውስጥ አሥራ ስምንት ቀሚሶች አቁማለች። ያለ ለባሽ ይቆማሉ። አንዱ ሰገነት አለው። አንዱ ትከሻው ላይ የሣር ክዳን ተከድኗል። «ሦስተኛ ፎቅ» የተባለውን የምትለብሰው ልጅ በጋሪ እየተገፋች ነው የምትገባው፤ መቀመጥ ስለማትችል ውሃ ስትጠጣ ሁለት ሰው ያዘነብላታል። ኑሁም አንድ ነገር ልብ አለ፤ ቀሚሶቹ ሁሉ በር አላቸው።

የራሱን ባዜን መጨረሻ ላይ ያለው ቀሚስ የእንጨት አጽም ላይ ተወጥሮ አገኘው። መጀመሪያ አላወቀውም። ቀለሙ ያው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ግን የፈዘዘ፣ አመድ የነካው ይመስል። እጁን ዘርግቶ ዳበሰው። ለስላሳ ነው። ባዜን ከለሰለሰ አለቀለት።

«ማዳም፣ ይህን ጨርቅ ምን አገኘው?»

«አጠብኩት» አለች ሮካያ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፊቷ ሰው የሚወድ ፊት ነው። «ወዙ ይዋሻል አባባ። ሰው ብልጭልጩን ሳይሆን ክሩን እንዲያይ ነው የፈለግኩት። ላይ ላዩን አንሥቼ እውነቱን አስቀረሁት።»

«ላይ ላዩ እኔ ነኝ።»

ሮካያ ደነገጠች። ስምዎ ይጻፋል፣ ቃል ገብቼ የለም ወይ አለችው።

«በምኑ ላይ ነው የሚጽፉት? ቀላሚዋ ይኸው ቀለሟ ይታያል። የሰፊውም ስፌት ይታያል። እኔ የቱ ጋ ነኝ? ስሜን ያነበበ ሰው ዞር ብሎ ጨርቁን ሲያይ ይሄ ሽማግሌ ምን ሠርቶ ነው ቢል ምን ልመልስ?»

የሁለት ሰው ክንድ በግማሽ ቀን ልፋት ያወጣውን ወዝ በአንድ ጭብጥ ሳሙና አውርዶ፣ የቀረውን እውነት ብሎ መጥራት የተማረ ሰው ድፍረት ነው። ያልተማረ ሰው ጨርቅ ቢያበላሽ አበላሸሁት ይላል።

ኑሁም ለመሄድ ጆንያውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ሲሪማን ፊት በባዶ እጅ መቆም አይቻልም። ጨርቁን ከእንጨቱ ይፍቱልኝ፣ ነገ ሙጫ አጠጥቼ አደርቀዋለሁ፣ ቅዳሜ እመታዋለሁ አለ። ሮካያ ቅዳሜማ እንግዶቹ አሉ ልትል ጀምራ ቆመች፤ ዓይኗ በራ። በእንግዶቹ ፊት? ድምፁ በኮንክሪቱ ውስጥ እያስተጋባ? ሜንዲን ጠራችው፤ ሁለቱ ስለ ድምፅና ስለ ባዶነት ረጅም ነገር ተባባሉ። እሺ ያሉበት ምክንያት ኑሁም የጠየቀበት ምክንያት አልነበረም። እሺ ማለታቸውን ብቻ ወስዶ ወጣ።

ዓርብ ሙጫውን በበርሜል በጠበጠ፣ ጨርቁን ነከረ፣ ጨምቆ ከአንዱ እጅጌ እስከ ሌላው ዘርግቶ ሰቀለው። ምሳ ሰዓት ላይ ቢራን ሩዝ በዓሣ የሞላ ሳህኑን መሃል ላይ አስቀመጠ። ኑሁም ርቦት ስለነበር ከራሱ ድርሻ አልፎ የቢራንን ድንበር ተሻገረ። ቢራን እጁን አጥፎ እንደ ምስክር አየው።

«ማዶ የሚቀመጥ ሰው የለኝም» አለ ኑሁም እጁን እየታጠበ። «ነገ አንተ ትመታለህ።»

«እኔ በር ነኝ።»

«ለመንኩህ።»

ጆፕ በጃራ ከተለመነ አለቀ። ቢራን ግንዱ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ታች አየ። «ግንድስ አለህ?»

«ተቀምጠህበታል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ሲመጡ ዘበኛው በሩን ትቶ፣ ግንዱንም ይዞ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንግዶቹ በሰልፍ በእጅጌው ውስጥ አለፉ፤ ከኋላቸው የጎረቤት ፍየል አለፈች። ቀሚሶቹ እየተገፉ ወጡ። የሣር ክዳን የነበረው ሲደርስ ፍየሏ ተጠጋችና ትከሻውን ረጋ ብላ በላችው። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ መንቀሳቀስ አትችልም። መነጽር ያደረገ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። ፍየሏ ክዳኑን ጨርሳ ስትወጣ አንዳንዶቹ ቆመው ነበር የሚያጨበጭቡላት። በማግስቱ አንድ ጋዜጣ ይህን የትርኢቱ ደፋሩ ቅጽበት ብሎ ጻፈው። ጋዜጠኛው እንግዲህ ደሞዝ ይከፈለዋል።

ከዚያ የኑሁም ተራ ደረሰ። ጨርቁን አጣጥፎ ግንዱ ላይ አኖረው። ቢራን ማዶ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ክፉ ነበሩ፤ ሁለቱ መዶሻዎች ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም፤ ኮንክሪቱ ድምፁን እያባዛ ሲመልሰው እንግዶቹ ጆሯቸውን ያዙ። ኑሁም ቀና አለ።

«የጆፕ ክንድ ለመስረቅ እንጂ ለሥራ አልተፈጠረም።»

መዶሻው ወረደ።

«ትናንት የጨረስከው ሩዝ የማን ነበር?» አለ ቢራን፤ የእሱም ወረደ።

«የሰረቅከው ነዋ።» ወረደ።

«ሳህኑን ያተረፍክልኝ ጥርስህ ስላልቻለው ነው።» ወረደ።

ምቱ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ስድቡ ሳይቋረጥ፣ መዶሻውም ሳይሳሳት ሄደ። ጨርቁን ገለበጡት፣ እንደገና አጠፉት፣ እንደገና መቱት። በአንገቱ የገባው የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ኑሁም ባዜኑን ጫፍና ጫፉን ይዞ ዘረጋው። ብርሃኑ ከጨርቁ ነጥሮ የኮንክሪቱን እጥፋቶች ሁሉ እስከ አንገቱ ድረስ ሰማያዊ አደረጋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሕንፃ ልብስ መሰለ። ማንም አላጨበጨበም። መነጽር ያደረገው ሰው እንኳ እጁን አላነሣም። ሮካያ አፏን በእጇ ሸፍና ቆማለች።

ሜንዲ ይህን ጊዜ የስሞቹን መጋረጃ ገፈፈ። በዚያች በቀናች የግድግዳ ቦታ የነሐስ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ሮካያ ሳምብ፣ ንድፍ። ዦአኪም ሜንዲ፣ ሕንፃ። ቀላሚዋ፣ ሰፊው፣ ጨርቁን ያመጣው ሾፌር ሳይቀር። ከሁሉም ሥር፣ በዚያው በተከበረ ፊደል፣ በአራት ብሎን ታስሮ፦

ሆዳሙ ጃራ
ሩዝ ጨራሽ

ነገሩ ቀላል ነው። ጸሐፊዋ ስም ለመጠየቅ ከኪስ መውጣት ነበረባት፤ ከኪስ ለመውጣት መሰላል አለ። ስለዚህ የመጡትን ባለሙያዎች ስም ከዘበኛው መዝገብ ፎቶ አስነሥታ ለቀራጩ ላከችው። ቀራጩ ማሽን ነው። ያየውን ቀረጸ።

ከእንግዶቹ መሃል አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ጆፕ መሆን አለበት። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ኑሁም አልሳቀም። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በግንድ፣ መጨረሻው ይህ። የሲሪማን ስም ደግሞ ጭራሽ የለም። መዶሻው በእጁ እንዳለ ታወቀው። ወደ ቢራን ዞረ።

ቢራን ፊቱ አመድ ሆኗል። «ተቀየምክ?» አለው በዝግታ።

ተቀይሜያለሁ ቢል ጃራነቱን እዚያው መሬት ላይ መጣሉ ነው፤ ከሲሪማን ጋር የመታበትም ምት አብሮ ይወድቃል። አልተቀየምኩም ቢል ውሸት ነው።

ሮካያ ሰሌዳው አሁኑኑ እንዲነቀል አዘዘች፤ ሜንዲ የታረመው በሦስት ሳምንት ይደርሳል እያለ ላቡን ጠረገ። መፍቻ የሚያመጣ ሰው ተላከ። መፍቻው እስኪመጣ ግን ሰዉ ቀሚሶቹን ትቶ ግድግዳው ሥር ተሰበሰበ። ጆፖቹ ሰሌዳውን በጣታቸው እየነኩ ይስቃሉ፣ ንጃዮቹ ይህን የጻፈው የትኛው ሌባ ነው እያሉ ይጠይቃሉ። የሮካያን ስም ያነበበ የለም። የሜንዲን ያነበበ የለም። ጃራ የሚለው ግን ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ፣ ኮንክሪቱም እየመለሰው፣ መቶ ጊዜ ተጠራ።

አንዲት አሮጊት ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጥተው የኑሁምን ክንድ ያዙ። «እኔ ንጃይ ነኝ ልጄ። ጃራው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

አሮጊቷ ሰሌዳውን አዩ፣ ዞረውም ግንዱ ላይ የሚያበራውን ጨርቅ አዩ። እንደገና ሰሌዳውን አዩ። «ያን የመታኸው አንተ ነህ?»

«ከባልደረባዬ ጋር ነው» አለ ኑሁም።

መፍቻ ይዞ የመጣው ሰው አንደኛውን ብሎን ጀምሮ ነበር። ኑሁም እጁን ያዘው። አይነቀልም አለ። ሮካያ ውርደት ነው፣ አንፈቅድም ስትል፣ ማዳም አንዴ አጥበውኛል ይበቃል አላት። ከዚያ መዶሻውን ቢራን ጭን ላይ አስቀምጦ ሰዉን እየሰነጠቀ በእጅጌው ወጣ። ቢራን ተከተለው።

መዝገቡ ግንዱ በነበረበት ቦታ መሬት ላይ ተቀምጧል። ኑሁም አንሥቶ ገለጠው።

«ያልመጣ ሰው አይመዘገብም» አለ ቢራን። ድምፁ ገና አልጠናም።

«ለመንኩህ።»

ቢራን ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ኑሁም ተንበርክኮ መጻፍ ሲጀምር በትከሻው በኩል አየውና ፊቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። «ትራኦሬ ማለት እኮ ጆፕ ነው። የእኔን ወገን ነው ሌባ ብለህ የምትጽፈው?»

«ቦታ ስለጠበበኝ እንጂ ሌላም አለ።»

«እንግዲያው አጥርተህ ጻፈው» አለ ቢራን፣ መብራቱ እንዳይጋረድበት ወደ ጎን ፈቀቅ እያለ። «ማሽኑ ያየውን ነው የሚቀርጸው።»

ኑሁም ፊደል ከፊደል እየለየ ጻፈ። በስም ዓምድ ሥር «ሌባው ሲሪማን ትራኦሬ»፣ በሥራ ዓምድ ሥር «ከግንዱ ማዶ»። «ሌባው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አደመቀው።